የእትዬ ቋጠሮ እጆች

እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ መጋረጃ፣ አልጋ ልብስና የቀሚስ ጨርቅ ስለካ፣ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቴ የቆመችው እትዬ ቋጠሮ ናት። እኔ የቆረጥኩትን እሷ አጥፋ፣ በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ በሲባጎ ታስረዋለች። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። እኔ ነኝ ብዬ ብዙ ሰው ፊት ስለተናገርኩ ግን እኔው ልሁን።

ቋጠሮዋን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ሲባጎውን በጥቅሉ ዙሪያ መስቀለኛ ታሳልፍና ከላይ ጣት የሚገባበት ማንጠልጠያ ታወጣለታለች። ደንበኛው በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎት አውቶቡስ ተጋፍቶ፣ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ጥቅሉ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንዷን ጫፍ ሳብ ሲያደርጋት ሁሉም በአንዴ ይፈታል። መቀስ አያስፈልግም። እኔ ባለመቀሱ መጀመሪያ አካባቢ በዚህ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ግራኝ ናት። በልጅነቷ «በቀኝሽ!» እየተባለች ብዙ ተቆንጥጣለች፣ አልሆነም። የግራ አመልካች ጣቷ ጫፉ ወደ ውስጥ ቀለስ ብሏል፤ ሲባጎ ነው ያጎበጠው። አውራ ጣቷ ሥር ደግሞ የደነደነ ረጅም መስመር አለ። እኔ ሐዲድ እለዋለሁ።

«እትዬ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?» እላታለሁ።

«አንተን ድጦ ሲያበቃ» ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እሷ ዛሬም «ሾፌሬ» ነው የምትላቸው። ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመት ቆይተው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ረሱ፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ ረሱ፤ ሠላሳ ዓመት መንገድ የነዳ ሰው! ከዚያ የሰው ስም ጠፋባቸው። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ትጠብቃቸዋለች። እስከ ምሳ ሰዓት ደህና ናቸው። ከምሳ በኋላ ግን ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። «ሚስቴ ዘገየች፣ ልፈልጋት ነው» ይላሉ። ሁለት ጊዜ አምልጠው ዋናው መንገድ ላይ ተገኝተዋል። ጎረቤቷ ደግ ሴት ናት፣ ግን ጉልበቷ ታማሚ ነው። «እኔ ከሳቸው ጋር በር ላይ መታገል አልቻልኩም፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው የምችለው» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ወይ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ረግተው የሚቀመጡበት መላ ይገኛል፣ ወይ እትዬ ቋጠሮ ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች። ሌላ መንገድ አልነበረም። ሱቁን ትታ ቤት ከተቀመጠች ደግሞ እኔ ከማን ጋር እንደምነታረክ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ላይ እያለ ነው ብራንድ የሚባለው ነገር የመጣብን።

ሱቁን ያቋቋሙት አዛውንት ሲደክማቸው ልጃቸው ተረከበችው። እኛ ትንሿ ነው የምንላት። በእኔ ጠረጴዛ ሥር እየዳኸች፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ አፏ ስትከት ከአፏ እየጎለጎልን ያሳደግናት ልጅ ናት። ማርኬቲንግ ተምራ መጣች። ሱቁ ቀዝቅዞ ነበርና አልፈርድባትም፤ ሰው ጨርቁን እኛ ጋ መጥቶ ይዳብስና ወጥቶ በስልኩ ከሌላ ያዛል። አንድ ቀን የብራንድ አማካሪ ይዛ መጣች። ካልሲ የማያደርግ፣ ነጭ ጫማው እንዴት እንደሆነ እንጃ የማይቆሽሽ ወጣት ነው። ሁላችንንም መጋዘን ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጠን።

«ዘንድሮ ሰው ዕቃ አይገዛም» አለ፤ «ታሪክ ነው የሚገዛው።»

«እኔ ጋ የሚመጡት መጋረጃ ነው የሚሉት» አልኩ።

ትንሿ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አማካሪው ግን አልተቀየመም። የተወለወለ፣ የተኳኳለ ማስታወቂያ ሰው ሰልችቶታል አለ። አሁን የሚፈለገው እውነተኛ ነገር ነው፤ የሰው እጅ ያረፈበት፣ ፊት ያለው። እያንዳንዳችሁ ብራንድ ናችሁ አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ እርስዎ፣ ራስዎን በሦስት ቃል ይግለጹልኝ» አለኝ።

«ሥራ አለብኝ፣ ልሂድ» አልኩት። ቆጥሮ ሳቀ፤ ለዚህስ ትንሽ ወደድኩት።

እትዬ ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። አንድ ጥቅል ስታስር አየ። «እንደገና» አላት። አሰረች። «እንደገና እባክዎ።» ሦስት ጊዜ አሰረችለት። በሳምንቱ ቋጠሮዋ የሱቁ ዓርማ ሆነ፤ በር ላይ ተሳለ፣ ከረጢት ላይ ታተመ፣ የእኔ ሽርጥ ደረት ላይ ሳይቀር ተጠለፈ። ቀጥሎ አጭር ፊልም ይሠራል ተባለ፤ የሱቁ ፊት እትዬ ቋጠሮ ትሆናለች።

እሷ ሆዬ «እኔ ፊልም የምሠራው ምኔ ሞልቶ ነው?» ብላ እምቢ አለች። ትንሿ ለመነቻት፣ አማካሪው ለመናት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። በማግስቱ ጠዋት ግን ራሷ ትንሿን ጠርታ «ፊልሙን ለእኔም በስልክ ትሰጪኛለሽ?» አለቻት።

«እንዴታ እትዬ! የእርስዎ እኮ ነው።»

«ስሠራ ያሳያል አይደል? ስቋጥር?»

«ዋናው እሱ ነው!»

«እንግዲያው እሺ።»

ምክንያቱን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ቀን ቀን ጎረቤቷ ፊልሙን ለሾፌሩ ብትከፍትላቸው፣ እሷን እያዩ ረግተው ሊቀመጡ ይችላሉ ብላ ነው። ፎቶዋን ሞክረውት ነበር። ሾፌሩ ፎቶውን ትንሽ አዩትና «ይቺ ሴት ምን ሆና ነው የማትንቀሳቀሰው?» ብለው ደነገጡ። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። 

የቀረጻው ቀን ሱቁ መብራት በመብራት ሆነ። አንዲት ልጅ ፊቷን ቀባባቻት፤ ፀጉሯን አስተካከለችላት፤ አረንጓዴ አዲስ ሽርጥ አለበሷት። እኔ «ሙሽሪት!» ስላት ሲባጎ ወረወረችብኝ። ፊቷን ግማሽ ቀን ቀረጹት። «ወደ ታች ይዩ፣ ቀና ይበሉ፣ ፈገግ፣ አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ያስቡ።» ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ፊቷ ግን በራ። ከዚያ ካሜራውን ወደ እጇ ሲያወርዱት ባለካሜራውና አማካሪው ተያዩ፣ ተንሾካሾኩ። «የእጁን ሌላ ቀን እንቀርጻለን፤ ዛሬ ደክሞዎታል» ተባለች።

ሌላው ቀን እሷ ሾፌሩን ሐኪም ቤት የወሰደችበት ቀን ነበር። አንዲት ወጣት መጣች፤ በዚያ ሙቀት ጓንት አድርጋለች። ሥራዋ እጇ ነው፤ ለሳሙና፣ ለቀለበት፣ ለቅባት ማስታወቂያ እጇን ታስቀርጻለች። ጓንቱን ስታወልቅ እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ የተወለወለ ነው። «የቋጠሮውን አስተሳሰር የሚያሳየኝ ሰው አለ?» አለች።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያሳየኋት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ጎበዝ ነዎት!» ስትለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ሲታሰር ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ ብዬ፣ በቀኝ እጄ፣ ግማሹን እየረሳሁ አስተማርኳት። ያሰረችው ጥቅል ሲያነሱት ይፈታል። «ግድ የለም፣ አይነሳም፤ ለካሜራ ብቻ ነው» አሉ። ጨርቁንና ሲባጎውን በቅርብ ለማሳየት ብቻ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ነበር ስል ደግሞ አልጠየቅኩም ማለቴ ነው።

ፊልሙ ሱቁ ውስጥ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የተከፈተ ዕለት ሁላችንም ተሰበሰብን። ሙዚቃው ልብ ይነካል። የእትዬ ቋጠሮ ፊት መጣ፤ ያ ፈገግታዋ፣ ያ በዓይኗ ጥግ ያለው ሽብሽብ። ደንበኞች «ውይ!» አሉ። ከዚያ ካሜራው ዝቅ ሲል ከእሷ ሽርጥ ፊት የዚያች ልጅ እጆች መጡ፤ ለስላሳ፣ ቀጥ ያሉ፣ በቀኝ የሚያስሩ። አብሮ የተሰፋ ይመስላል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ፤ ወደ እሷ ዞርኩ። ስክሪኑን አየች፣ እጆቿን አየች፣ ከዚያ ሁለቱንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«እትዬ...»

«ልክ ናቸው እኮ፤ የእኔ እጅ ለፊልም ይሆናል ብለህ ነው?» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ያን ቀን ባቡሩን አልጠየቅኋትም።

ፊልሙ ስልክ ለስልክ ዞረ። ከዚህ በፊት ሱቁን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች መጥተው ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሱ። ትንሿ በደስታ ትበራለች፤ ደስታዋም ደስ ይላል፣ የአባቷን ሱቅ እየታደገች ነው። እትዬ ቋጠሮ ግን በሦስተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች። ሲባጎውን ከማንሳቷ በፊት ነገረችኝ።

«ከፍታ አሳየችው» አለች፤ ጎረቤቷን ማለቷ ነው። «ፊቴን ሲያይ 'ደስ የምትል ሴት ናት' አለ። እጁ ሲመጣ ጠጋ ብሎ አየ፣ አየ፣ ከዚያ 'እሷ አይደለችም' አለ። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጎረቤታችን እየሮጠች፣ ከነጉልበቷ...»

«ታዲያ ፊትሽን እያዩ እንዴት...»

«ፊቴን ከረሳው ዓመት አለፈው፣ መቀስ።» እኔን መቀስ ነው የምትለኝ። «ማንነቴን በፊቴ አያውቀውም። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ እጄን ይይዘዋል። ይገለብጠዋል። ይቺን የተቆለመመችውን ጣት ይዳስሳትና 'መጣሽ?' ይለኛል። ያኔ ነው ሚስቱ የምሆነው። እኔ እኮ ፊቴን አንሱልኝ አላልኩም።»

 

«ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ» አለች። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ደሜ ፈላ። መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ የትንሿ ቢሮ ገባሁ፤ በር አላንኳኳሁም። «እውነተኛ፣ እውነተኛ ስትሉን ከርማችሁ የሰው እጅ ቆርጣችሁ የሌላ ትቀጥላላችሁ?» አልኩ። ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ትንሿ ፊቷ ቀልቶ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ያስተማሯት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ስለ ሾፌሩ ነገርኳት፤ ምንም አልሰማችም ነበር። ሕፃን ሳለች በአውቶቡሳቸው ትምህርት ቤት ያደርሷት የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ ከኋላቸው ያለውን መቀመጫ ይይዙላት ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ወዲያው አማካሪው ጋ ደወለች። እንደገና ይቀረጻል፣ ግን ባለካሜራዎቹ የሚገኙት በሦስተኛው ሳምንት ነው አላት።

«በሦስተኛው ሳምንት እሷ ቤቷ ናት» አልኩ።

በማግስቱ የራሴን ስልክ አመጣሁ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። በብረት ሜትሬና በሁለት የክር ጥቅል አስደግፌ ጠረጴዛዬ ላይ ወደ እሷ አዞርኩት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

«ፀጉሬ...»

«ፀጉርሽን ማን አየው? አይታይም። ከአንገት በታች ነው።»

አርባ ደቂቃ ቀረጽኩ። ካላያችሁት ፊልም ማለት ይከብዳችኋል። ጠመም ያለ ነው። ጥጉ ላይ የእኔ አውራ ጣት ገብቷል። መሃል ላይ እኔ አንዲቷን ደንበኛ «ሦስት ሜትር ነው ያልሽኝ ወይስ አራት? ወስኚ እንጂ እናቴ!» ስል ይሰማል። ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። የቀረው ሁሉ እጆቿ ናቸው፤ ያጥፋሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ሲባጎውን በግራ ያዞራሉ፣ ይስባሉ፣ ያስራሉ። ሐዲዱም ይታያል። ሃያ ሁለት ዓመት አይቼው በስልክ መስታወት ውስጥ ሳየው፣ ይህችን ሴት ምን ያህል እንደምወዳት ያን ዕለት ነው የገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ተናገርኩ።

ፊልሙን በዚያው ማታ ወደ ጎረቤቷ ስልክ ላክንላት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሁለታችንም ሥራ አልሠራንም። እሷ አንድ ጥቅል አራት ጊዜ አሰረች፣ እኔ አንድ መጋረጃ አበላሸሁ። አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤቷ ደወለች። እትዬ ቋጠሮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሲባጎውን ጣቷ ላይ ትጠመጥም ጀመር።

«ምን አለች? ተናገሪ እንጂ!»

«ኮቱን አልለበሰም» አለች። «'ሥራ ላይ ናት፣ አትረብሺያት' አላት።»

ጎረቤቷ ቀረች። እትዬ ቋጠሮም ቀረች። ትንሿ ያንን ትልቁን ፊልም አወረደችው፤ በሦስተኛው ሳምንት ባለካሜራዎቹ መጥተው እውነተኛዎቹን እጆች ቀረጹ። አሁን በስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ቅር አይለኝም። አማካሪው ግን የእኔን ጠማማ ፊልም ከየት እንዳየው እንጃ፣ ዓይኑ እያበራ መጣ።

«ይሄ ነው! ዘንድሮ ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው! ጣትዎ ራሱ፣ ጩኸትዎ ራሱ! ይህን ብንለቀው...»

ስለ ጩኸቴ ያለውን ሰምቼ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ። እትዬ ቋጠሮ ግን ሲባጎውን አስቀመጠች።

«እሱን ተውልኝ፣ የኔ ልጅ። ያኛው ፊልም የሱቁ ነው፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ይሄ የሾፌሬ ነው።»

አማካሪው አፉን ሊከፍት ሲል ትንሿ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ሰምተሃል» አለችው። ያን ጊዜ የአባቷን ድምፅ ሰማሁባት።

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን አብሬያት ቤቷ ሄድኩ፤ ከባድ የመጋረጃ ጥቅል ነበር የያዝኩላት። ጎረቤቷ በሩን ከፍታ «ቀስ በሉ፣ እየሠሩ ነው» አለችን። ሾፌሩ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። የቀኝ አመልካች ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ጫን አድርገው ይዘውታል። ፊልሙ በጣታቸው ሥር ቆሟል፤ ያ ስልክ ጣት ሲያርፍበት ይቆማል፣ ጣት ሲነሳለት ይቀጥላል።

«ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚያቆሙት» አለች ጎረቤቷ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተዉ ብላቸው ይቆጡኛል።»

እትዬ ቋጠሮ ጠጋ ብላ አየች። ሲባጎው መስቀለኛ የተላለፈበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው ጣቱን ካላሳረፈበት የሚላላበት ቦታ። ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ በአውራ ጣቷ ትይዘዋለች።

«ድሮ፣ እንደተጋባን ሰሞን» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሳቸው ሳትነቅል፤ «ሥራ ሲበዛ ጥቅሉን ቤት ይዤ እመጣ ነበር። ጣቱን የሚያስቀምጥልኝ እሱ ነበር።»

ሾፌሩ አላዩንም። ጣታቸውንም አላነሱም። ከመቼ ጀምሮ ይዘውት እንደነበር አላውቅም። እሷ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ከጎናቸው ቁጭ አለች፣ የግራ እጇን ክንዳቸው ላይ አሳረፈች።

«ጠብቋል» አለቻቸው። «አንሳው።»

ጣታቸውን አነሱ።